እትዬ አዋጅ እና የባለዳቦ ቤቷ ልጅ

እትዬ አዋጅ ስሟን ያገኘችው ከጉሮሮዋ ነው። በሰንበት ጸሎቱ አብቅቶ ሰዉ መጽሐፉን እያጠፈ ወንበር መግፋት ሲጀምር፣ ከሴቶቹ በኩል ብድግ ትልና «ቁጭ በሉ! እግዜር ቢለቃችሁም እኔ አልለቀቅኋችሁም!» ብላ ምኩራቡን ታናውጠዋለች። ከዚያ የሚመጣውን ሳምንት በቃሏ ታወርደዋለች። የልጆቹ የፊደል ትምህርት መቼ እንደሆነ፣ የሴቶቹ ጥናት በማን ቤት እንደሚውል፣ የትኛው በሽተኛ እንደሚጠየቅ፣ መዘምራኑ የት እንደሚሰበሰቡ፣ የማኅበሩን ድስት ወስዶ ያልመለሰው ማን እንደሆነ ሳይቀር ትናገራለች። «አንተ ጣራ ጣራ የምታየው፣ አንተን ነው!» ስትል ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ረቢው እንኳ፣ «እኔ ሰብኬ ሰብኬ ያላነቃሁትን ሰው አንቺ በአንድ ቃል ታነቂዋለሽ» ይሏት ነበር።

ሥራዋ ልብስ ሰፊነት ነው። ሱቋ ከምኩራቡ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ ካውያ የቆመበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ጅምር ልብሶች አሉ። የሰፈሩ ተማሪ ዩኒፎርም በሙሉ በእጇ ያልፋል። ይሁዲ ሆነ አልሆነ ለሜትሯ ልዩነት የለውም። ከሱቋ ቀጥሎ ዳቦ ቤት አለ። ባለዳቦ ቤቷና እሷ በአንድ ግድግዳ ተደጋግፈው ያረጁ ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ በግድግዳው ወዲያ ሆና «ይማርሽ» የምትል። የባለዳቦ ቤቷን አንድ ለእናቱ ልጅ «ሽቦ» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። የመጀመሪያውን ሱሪ ልትለካለት ወገቡን ብትይዘው የምትይዘው ሥጋ አጣች። ስሙ በዚያው ጸና፤ እናቱም ሽቦ ትለዋለች።

ይህች ሰው የምታስቅ ሴት ግን እጇን ትፈራው ነበር።

አባቷ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ሚስቱን በቆዳ ማሰሪያ ይገርፋት ነበር። ጠጥቶም አይደለም፤ በባዶ ሆዱ፣ በሙሉ ልቡናው። ልጅቱ ጡት ማውጣት በጀመረች ሰሞን አንድ ቀን ማሰሪያውን ከአየር ላይ ቀለበችና በእጇ ጠምጥማ ሳበችው። አባትየው በጉልበቱ ወደቀ። እሷም በዚያው ማሰሪያ ፊቱን ሞሸለቀችው፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ደጋግማ፣ እናቷ «ልጄ፣ አባትሽ ነው!» ብላ እስክትጮኽ ድረስ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው በእሷ ፊት እጁን አላነሣም። እሷን ያስደነገጣት የአባቷ ደም አልነበረም፤ ደስ ማለቱ ነበር። ከዓመታት በኋላም ልብስ ስትለካው ደረቷን የደባበሰ አንድ ደንበኛ መዳፉን በመቀስ ተወግቶ ሄደ። ያኔም ደስ ብሏት ነበር።

ስለዚህ ባል ስትመርጥ በሰፈሩ ካለው ወንድ ሁሉ ለስላሳውን መረጠች። ሥጋ ቆራጭ ነው፤ ቢላዋ ሲስል ላየው ያስፈራል፣ ግን በሰው ላይ እንኳን እጁን ድምፁን አንሥቶ አያውቅም። «አንቺ ለሁለታችንም ትበቂያለሽ» ይላታል።

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ነው። የሰፈሩ የውሃ ቧንቧ ተሰብሮ ከርሞ ሲጠገን የልጆች ሆድ ይቆርጥ ጀመር። አንድ ሕፃን ሞተ። ወሬው ከየት እንደተነሣ የሚያውቅ የለም። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ በተሰለፈው ሰው መካከል «ውሃውን የመረዙት አይሁዶቹ ናቸው» ተባለ፤ በሳምንቱ የማይለው ሰው ጠፋ። የምኩራቡ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። አጥሩ ላይ አይነ ምድር ተለቀለቀ። ባለዳቦ ቤቷ ማስነጠስ ሰምታ ዝም ማለት ጀመረች።

የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው፤ ቃላቸው እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ነው። «ትምህርቱም፣ ጥናቱም፣ መዝሙሩም ይቁም። በሩ ይዘጋ። ነገሩ እስኪበርድ አንገታችንን ደፍተን እንቀመጥ» አሉ።

እትዬ አዋጅ ተነሣች። «አንገት የደፋ ሰው ማጅራቱን ነው የሚሰጠው። በር ስንዘጋ ደግሞ ‹ምን ቢደብቁ ነው?› ነው የሚሉን። እኔ የምለው፣ በሩን ወለል አድርገን ሰፈሩን እንጥራው። ከዚያው ቧንቧ ሻይ እናፍላ፣ እኛው ቀድመን እንጠጣው፣ ልጆቻችን ይዘምሩ። የጎረቤት ቀን እንበለው።»

«በሩ ላይ ማን ሊቆም ነው?» አለች አንዲት ወጣት ሴት። ነርስ ናት፤ የምኩራቡ ዘበኛ የአባባ ቁልፍ ልጅ።

«አባትሽ ናቸዋ፤ እንደ ወትሮው።»

«ምን ይዞ?»

«ፈገግታቸውን!» አለች እትዬ አዋጅ፤ ሰዉ ሳቀ። አባባ ቁልፍም ሳቁ። በወገባቸው ከሚንጠለጠለው የቁልፍ እስር ሌላ መሣሪያ ይዘው የማያውቁ፣ ጥርሳቸው የረገፈ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ነርሷ ብቻ አልሳቀችም። ኮሚቴውም በስተመጨረሻ በእትዬ አዋጅ ሐሳብ ተስማማ።

በሰንበቱ እትዬ አዋጅ እንደ ልማዷ ተነሥታ አወጀች። ከሰንበት በኋላ ደግሞ ከቤት ቤት እየዞረች ጠራች። ባለዳቦ ቤቷንም ጠራቻት። «እስቲ» አለች ባለዳቦ ቤቷ፣ ዓይኗን ከዳቦው ሳታነሣ።

በቀጣዩ እሑድ ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። ብዙም ባይሆን ሰው መጣ። አንድ አስተማሪ፣ የፖስታ ቤቱ ሰው፣ ልጆቻቸውን የያዙ እናቶች። አዳራሹ ጥግ ካለው ምድጃ ላይ ትልቁ ማንቆርቆሪያ ይንፈቀፈቃል። ሐኪሙ በሰው ሁሉ ፊት የቧንቧውን ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ጭልጥ አደረጉት። አንዷ እናት ሳቀች፤ የሷም ልጅ ጠጣ። እትዬ አዋጅ ልቧ ሞላ። ልጆቹ መዝሙራቸውን ሲጀምሩ ሽቦ ገባ፤ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ።

«ሽቦ! ና፣ ና እንጂ! እናትህስ?»

«ትመጣለች» አለ። ሻይ ሰጠችው። አንድ ጊዜ ፉት አለና አስቀመጠው። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ጃኬቱን ያስቆለፈው ብርዱ ሳይሆን ከሥሩ የደበቀው ነገር እንደሆነ አልገባትም።

ከውጭ ፉጨት ተሰማ።

ሽቦ ከጃኬቱ ሥር ፌሮ ብረት መዘዘ። መጀመሪያ የሻይ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ብርጭቆው ሲረግፍ የልጆቹ መዝሙር ወደ ጩኸት ተለወጠ። መስኮቱን መታ፤ ወንበሮቹን መታ፤ የኦሪቱ ጥቅልል ወዳለበት ሣጥን ሲሮጥ ሥጋ ቆራጩ እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋበት። «ልጄ፣ ተው፣ ሽቦ...» ብሎ አልጨረሰም። ብረቱ ክንዱ ላይ አረፈ። የአጥንቱን ስብራት እትዬ አዋጅ ከአዳራሹ ማዶ ሰማችው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው።

ማንቆርቆሪያውን አንሥታ የፈላውን ውሃ ፊቱ ላይ ደፋችበት።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምታ አታውቅም። ብረቱ ወደቀ፤ ልጁም ወደቀ። እዚያ ላይ ነገሩ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። ደረቱ ላይ በጉልበቷ ወጣችና በባዶው ማንቆርቆሪያ ትቀጠቅጠው ጀመር። አፍንጫው ተሰበረ። ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ያ የልጅነቷ ነገር፣ ያ ደስታ፣ ከሆዷ ተነሥቶ እስከ ጆሮዋ ሞላት።

ቀና ያለችው በውጭ ጩኸት ነው። በተሰባበረው መስኮት በኩል የግቢው በር ይታያል። ፊታቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሰዎች ገብተው መጻሕፍት ያቃጥላሉ። አባባ ቁልፍ መሬት ላይ ናቸው። ከሰዎቹ አንዱ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ግራ እጁ የሚቀድመው ሰው፣ ዱላውን ከራሱ በላይ እያነሣ ያወርድባቸዋል። ሽማግሌው አይንቀሳቀሱም፤ ሰውየው ግን አላቆመም። ሽቦ ያን ጊዜ ጉልበቷ ሥር ሆኖ ያቃስት ነበር።

«በቃ! ገደልሽው እኮ፣ በቃ!» ባሏ ነው፤ በደህናው ክንዱ አንገቷን አንቆ ጎትቶ አነሣት። በዕድሜ ልኩ በሰው ላይ ጉልበት የተጠቀመው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም በሚስቱ ላይ።

ፖሊስ ሲደርስ ባለጨርቆቹ በርረዋል። አባባ ቁልፍ በሩ ላይ፣ በልጃቸው እጅ ሞቱ። ነርሷ እስከ መጨረሻው ደረታቸውን ትጫን ነበር። ማንም ሊያስቆማት አልደፈረም፤ እጇ ሲዝል በራሷ ተወች።

ሽማግሌው በማግስቱ ተቀበሩ። ምኩራቡ ተዘጋ።

የታወቀ ፊት የሽቦ ብቻ ነበርና የተያዘው እሱ ሆነ። የሌሎቹን ስም ቢጠየቅ ዝም አለ። ሐኪሙና አንድ ሌላ የማኅበሩ ሰው ደግሞ «ሽማግሌውን በር ላይ መትቶ ሲገባ አይተነዋል» ብለው ቃል ሰጡ። ዋሽተው አይደለም፤ በዚያ ትርምስ ያዩት አንድ ፊት ስለነበር ያ ፊት የሁሉንም ሥራ ሠራላቸው። ክሱ ግድያ ሆነ።

እትዬ አዋጅ ባሏን ጀሶ ልታስቀይር ሆስፒታል ስትወስደው ባለዳቦ ቤቷን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። ልጇ ከውስጥ በፖሊስ እየተጠበቀ ተኝቷል። 

«ፊቱን ላጥሽው!» አለች ባለዳቦ ቤቷ። «በእጅሽ የለካሽውን ልጅ ላጥሽው!»

«የባሌን ክንድ ሰብሯል! የልጆች መዝሙር መሀል ነው ብረት የመዘዘው!»

የመጀመሪያውን ጥፊ ማን እንደ ሰነዘረ ሁለቱም አያውቁትም። ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ። ባለዳቦ ቤቷ እጇን ነከሰቻት፤ እትዬ አዋጅ ከግድግዳው ጋር አጋጨቻት። በሽተኞች ከነዱላቸው ወጥተው ያያሉ፤ አንዱ «ወፍራሟ ታሸንፋለች» ሲል ተሰማ፤ ሁለቱም ወፍራም ነበሩ። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሯቸው እንደተያያዙ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሽማግሌውን ገደልክ አሉት» አለች ባለዳቦ ቤቷ፣ አፏ እየደማ። «ለሌላው ይታሰር፤ ይገባዋል። ግን ሽማግሌውን አልነካሁም ይለኛል። ከማን ጋር ነበርክ ብለው፣ ከእትዬ ጋር አለኝ። እውነት ነው?»

እትዬ አዋጅ የጨበጠችውን ፀጉር ለቀቀችና ተነሣች። «ሂጂልኝ» አለቻት።

ለባሏ ግን ነገረችው። እሱም ጀሶውን እያከከ፣ «እኔ ወደ መስኮቱ አላየሁም፤ አንቺ ግን ያየሽውን አይተሻል። አላየሁም ብትዪ ዓይንሽን ምን ልታደርጊው ነው?» አላት።

ረቢው ዘንድ ሄደች። «የምትጠይቂኝ ሕጉን ከሆነ አጭር ነው፤ በሐሰት አትመስክር ይላል፤ አውቆ ዝም ማለትም ከዚያ አይርቅም» አሏት። «የምትጠይቂኝ የሚያስከፍልሽን ከሆነ ግን ልጄ፣ እኔ አልከፍልልሽም። ለብቻሽ ነው።»

ፍርድ ቤት ቀርባ ከመመስከሯ በፊት ለነርሷ መንገር እንዳለባት ታወቃት። ሐዘን ቤት ገባች። ነርሷ እንደ ሐዘንተኛ ወግ ከዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል።

«አባትሽን የመታው ሽቦ አይደለም።»

ነርሷ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ከዚያ በአጠገቧ የነበረውን ብርጭቆ አንሥታ ወረወረችው። የእትዬ አዋጅ ቅንድብ ተሰነጠቀ።

«በሩን አስከፈትሽ፤ አሁን ደግሞ ወህኒ ቤቱን ልታስከፍቺ መጣሽ! ፈገግታውን ይዞ ይቁም አልሽ! ቆመልሽ!»

እትዬ አዋጅ ደሟን በእጅጌዋ ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ አለቀሰች፤ ስለ ቅንድቧ አልነበረም።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። አንድ ወገን የምኩራቡ ሰው፣ አንድ ወገን የሰፈሩ ሰው። የሽቦ ፊት ግማሹ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ አንድ ዓይኑ የማይከደን ሆኗል። እትዬ አዋጅ አንድ ጊዜ አየችውና ሁለተኛ ላለማየት ዳኛውን አየች።

«ሽማግሌው ሲመቱ ተከሳሹ የት ነበር?» አሉ ዳኛው።

«ጉልበቴ ሥር።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ዐቃቤ ሕጉ፣ «ሴትዮ፣ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆነሽ እንዴት እርግጠኛ ልትሆኚ ቻልሽ?» አለ።

«ደረቱ ላይ ወጥቼ እየቀጠቀጥኩት ነበራ! ውሃው ለማስቆም በቅቶ ነበር፤ ወድቋል። ከዚያ በኋላ የመታሁት ስለፈለግኩ ነው። ጥርሱን አውልቄ ቀና ስል ሽማግሌው ሲመቱ አየሁ። የመታቸው ሰፊ ትከሻ ያለው ግራኝ ነው፤ ይህ ልጅ ትከሻ የለውም፤ እሱን ደግሞ እኔ በጉልበቴ ተጭኜው ነበር። የባሌን ክንድ የሰበረ፣ ልጆቻችንን ያሸበረ፣ ለሌሎቹም መንገድ የከፈተ እሱ ነው። ለዚያ ይታሰር። አባባን ግን አልገደለም።»

ድምፅዋ ያለ ልማዱ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዳኛው ሁለቴ «ጮክ በዪ» አሏት። ከኋላዋ ከራሷ ወገን አንዱ «ከሃዲ!» አለ። ስትወጣ ምራቅ ጫማዋ ላይ አረፈ።

ግድያው ከሽቦ ላይ ወደቀ፤ በቀረው ክስ የዓመታት እስራት ተፈረደበት። እሷም ስለ ድብደባው ተጠይቃ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀች። በዚያው ሳምንት የሱቋ መስኮት በጡብ ረገፈ። ከወዲያኛው ወገን ይሁን ከራሷ ወገን፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ምኩራቡ እንደገና ሲከፈት ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። ባሏ ከወንዶቹ በኩል አንገቱን እያሰገገ ያያት ነበር፤ እሱም ብቻውን ነበር። የሚመጣውን ሳምንት ሌላ ሰው በለሆሳስ ይናገር ጀመር። ከኋላ የተቀመጠ አይሰማውም ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይህኛው ግን የጠራው በደም ነው። ሽቦ ወህኒ ቤት ሆኖ ዝምታውን ጠበቀ፤ ባለጨርቆቹ ግን ዝምታውን አላመኑትም። በሰው እጅ አስወጉት። ሆዱ ተሰፍቶ ሲነቃ መርማሪ አስጠርቶ ሽማግሌውን የገደለውን ሰው ስም ተናገረ። ሰውየው የአሸዋ መኪና ሹፌር ነው፤ የሞተው ሕፃን አጎት። ሊይዙት ሲሄዱ ክፍሉን ከውስጥ ቀርቅሮ በመጥረቢያ ተከላከለ፤ የአንዱን ፖሊስ ጣት ቆርጦ ነው የተያዘው። በግራ እጁ።

ባለዳቦ ቤቷ አላመሰገነቻትም። ዳቦ ቤቱን ዘግታ ሰፈር ከመልቀቋ በፊት አንድ ቀን ሱቁ ደጃፍ ቆማ፣ «እውነቱን በመናገርሽ ልጄ ከገመድ ዳነ። ፊቱን ባየሁ ቁጥር ግን እረግምሻለሁ» አለቻት። እትዬ አዋጅም «እርገሚኝ» አለቻት። 

ሹፌሩ ከተፈረደበት በኋላ ሐኪሙ ሱቋ ድረስ መጡ። ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ምዬ ነበር እኮ» አሉ፤ «አየሁ ብዬ ምያለሁ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ሽቦን ነው የማየው።» እትዬ አዋጅ ውሃ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ሄዱ።

የልጆቹ ትምህርት፣ የሴቶቹ ጥናት፣ መዝሙሩ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሌላ ዘበኛ መቅጠር ማንም አልፈለገም። አባላቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ በሩ ላይ ይቆሙ ጀመር። የእትዬ አዋጅ ተራ ሲደርስ አብሯት የሚቆም ሰው ይታመማል፣ ወይም እንግዳ ይመጣበታል። ብቻዋን ትቆማለች።

አንድ እሑድ ነርሷ መጣች። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ከበሩ ወዲያኛው ወገን ቆመች።

«አልታረቅኩሽም» አለች፣ መንገዱን እያየች።

«ታረቂኝ አላልኩሽም» አለች እትዬ አዋጅ።

«ፈረቃዬ የሚመቸኝ በዚህ ሰዓት ስለሆነ ነው።»

«ይሁን።»

ከውስጥ ልጆቹ ፊደል ይጮኻሉ። ጥቂት እንደቆሙ ሞተር ብስክሌት ከማዶ ብቅ አለ። ከኋላ የተቀመጠው ጎረምሳ ስድብ ወረወረ፤ ከስድቡ ጋር ድንጋይ። ድንጋዩ የነርሷን ትከሻ ጨርፎ የበሩን ብረት መታው። ሞተሩ ጥጉ ላይ በጭቃ ተንሸራትቶ ቆመ፤ ለአንዳፍታ ሁለቱም ልጆች በቀላሉ የሚያዙ ሆኑ። እትዬ አዋጅ ለጥበቃ የያዘችውን ዱላ አንሥታ መሀል መንገድ ደርሳለች።

«ተያቸው!» አለች ነርሷ።

«ደምተሻል እኮ!»

«ደሜን አየዋለሁ። ተያቸው አልኩሽ። አንቺ ከጀመርሽ አታቆሚም፤ በፍርድ ቤት የተናገርሽው ራስሽ ነሽ።»

ሞተሩ ተነሥቶ ሄደ። እትዬ አዋጅ ከመንገዱ ተመለሰች። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና እጆቿን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው። ነርሷ መሀረቧን ከትከሻዋ ላይ ጫን አድርጋ ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

ተራቸው ሲያልቅ ነርሷ ቀድማ ሄደች፤ ደህና ዋይ እንኳ ሳትል። በሚቀጥለው እሑድ ተራውን የሚያወጣው ሰው ከሌላ ጋር ልመድብሽ ወይ ቢላት ግን «ባለበት ይሁን» አለች።